ሸክላና ላሜራ የሚገጥሙበት

የአዲስ አበባው በርበሬ በረንዳ ጠዋት ላይ ሁለት ነገር ይሸታል፤ ደረቅ በርበሬና ከሰል። በርበሬው በጆንያ ተደርድሯል። የከሰሉ ሽታ የሚመጣው ከየሱቁ ደጃፍ፣ ጀበና ከተጣደበት ምድጃ ነው። አንዱ ምድጃ እሳት ሳይገባበት ተቀምጦ ስለነበር አስፈቅጄ አገላበጥኩት። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ነው።

ሲያነሱት ይከብዳል፤ ክብደቱ የሸክላው ነው። ውጪው ቀጭን ላሜራ ነው፤ ከአሮጌ በርሜል የተቆረጠ ይመስላል። ሁለት ቅርጾች ወገባቸው ላይ ተገጣጥመዋል። የላይኛው ወደ ላይ፣ የታችኛው ወደ ታች ይሰፋል። የላይኛው ሸክላውን ይይዛል። የታችኛው አመድ ይቀበላል፤ በጎኑ ባለች ትንሽ በርም አየር ያስገባል። ስፌቱ ላይ ብየዳ የለም። የአንዱ ላሜራ ጠርዝ በሌላው ላይ ታጥፎ፣ በመዶሻ ተደብድቦ ተኝቷል። በጣት ሲዳስሱት የሚቧጭር ጠርዝ አይገኝም። እንዲህ ያለውን እጥፋት ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ምናለሽ ተራ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጡት መስማት ይቻላል።

ዋናው ነገር ግን ውስጥ ነው። በድሮው የብረት ማንደጃ ፍሙ በቀጥታ ላሜራውን ይነካል። ብረት ሙቀትን ከሸክላ በብዙ አሥር እጥፍ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ከከሰሉ የወጣው ሙቀት ድስቱን ትቶ በጎን ይሄዳል። በላቀች በፍሙና በብረቱ መካከል ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ሸክላ አለ። ሸክላው ራሱ ይግልና ሙቀቱን ወደ ፍሙና ወደ ድስቱ መልሶ ይሰጣል። ወለሉም ሸክላ ነው፤ በቀዳዳዎች የተበሳ። የያዝኩት ምድጃ ቀዳዳዎች ወደ ታች ትንሽ ትንሽ ይሰፋሉ። ከላይ የገባ አመድ መሀል ላይ አይሰነቀርም፤ ወርዶ ያልፋል። ይህን ያደረገው ሰው ጭቃው ሳይደርቅ እንጨቱን ከታች በኩል አስገብቶ አዙሮታል ብዬ እገምታለሁ።

ሸክላ ሠሪውና ላሜራ ቀጥቃጩ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። ችግሩም እዚህ ይጀምራል። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲተኮስ ደግሞ ይበልጥ ይኮማተራል። ከአንድ ቅርጽ የወጡ ሁለት ሸክላዎች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ብረቱ ግን በልክ ተቆርጧል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሁልጊዜ ክፍተት ይቀራል፤ እሱን የሚሞላው ሲሚንቶ የገባበት ልስን ነው። ልስኑ ሸክላውን ከማጣበቅ ሌላ ሥራ አለው። ብረት ሲሞቅ ከሸክላ ይበልጥ ይለጠጣል። ያንን ልዩነት የሚችለው ይህ ጣት የማይሞላ ንብርብር ነው። ሳስቶ ከተለሰነ ሸክላው ይላቀቃል፣ ይንገጫገጫል፣ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። ምድጃው ገበያ ላይ ሲቀመጥ ግን ይህ ሁሉ ከላይ አይታይም።

ላቀች በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የተሠራ ነው። መነሻው የኬንያው የሸክላ ጂኮ ሲሆን፣ የጂኮው ሐሳብ ደግሞ ከታይላንድ ባልዲ መሰል ምድጃ የመጣ ነው። ከተለመደው የብረት ማንደጃ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ከሰል እንደሚቆጥብ ይነገርለታል። በዚያው ዘመን ለእንጀራ ምጣድ የወጣው «ምርጥ» የተባለ ምድጃ ደግሞ የማገዶውን ግማሽ ያህል ያድናል፤ እሱ ግን ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚቀረጽ ስለሆነ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል።

ሙቀት የመቆጠብ ጥያቄ ግን በየአገሩ ይለያል። ስዊድን ውስጥ የቤት ማሞቂያ ወጪን ለመቀነስ ግቢ ውስጥ ከመቶ ሜትር በላይ ይቆፍራሉ። የመሬቱን ሙቀት ከጉድጓዱ የሚስበው ሂት ፓምፕ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት አራት እጅ ሙቀት ይሰጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ ብርዷ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነው፣ ሙቀቷም ማቀዝቀዣ አያስገዛም። እዚህ ለሙቀት የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው የሚሄደው ለምግብ ማብሰያ ነው። ብርዱ ሲጠና ምድጃውን ወደ ቤት የሚያስገቡ አሉ። ላቀች ከሰል ይቆጥባል እንጂ የከሰልን መርዝ አያስቀርም። መስኮት በተዘጋ ክፍል ያደረ ፍም፣ ምድጃው የቱንም ያህል በጥሩ ሁኔታ ቢሠራ፣ ሰው ይገድላል።

በረንዳው ላይ ያለችው ቡና አፍይ ጀበናዋን ስትጥድ አንድ ነገር ታየኝ። የምድጃው አፍ የተለካው ለድስት ነው። ከጠርዙ የወጡት ሦስት ማስቀመጫ ብረቶች ድስቱን ከሸክላው ትንሽ ከፍ ያደርጉታል፤ ክፍተቱ ቢጠብ እሳቱ ይታፈናል፣ ቢሰፋ ሙቀቱ ያመልጣል። ጀበና ግን ታቹ ጠባብ ነው፤ ዙሪያውን ፍሙ ይታያል። የተባለው ቁጠባ ከጀበና ሥር አይገኝም። እሷ ግን መላውን ታውቃለች። ከሰሉን መሀል ላይ ብቻ ሰብስባ፣ ውሃው ሲፈላ የአየር በሯን በጉጠት ጫፍ ገፋ አድርጋ ልትዘጋ ትንሽ አስቀረቻት። ፍሙ ወዲያው ደብዘዝ አለ፤ ጀበናው ግን መፍላቱን አላቆመም።

ላቀች የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ይህችን በር ይሞክራት። ስትከፈትና ስትዘጋ ሳትላላ መያዝ አለባት። ቀጥሎ ሸክላውን በጣቱ አንጓ ያንኳኳ፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ደግሞ የታፈነ። ከዚያ ምድጃውን አንስቶ ይነቅንቀው፤ ሸክላው መንገጫገጭ የለበትም። ሦስቱንም ካለፈ፣ ሦስት ሳምንት ይበቃ የነበረው ማዳበሪያ ከሰል ወደ አራት ሳምንት ይጠጋለታል። በሯ የማትዘጋ ከሆነች ግን ከዚያ ቁጠባ የሚቀረው ጥቂት ነው።