ጥቃቅን አር ኤን ኤዎችና የአዋሽ ሸለቆ አበባ

ስለ አበባ መራባት በሚጻፉ የዘመኑ ጽሑፎች ጥቃቅን አር ኤን ኤዎች ትልቅ ስፍራ ይዘዋል። እነዚህ ከ21 እስከ 24 ፊደል ያላቸው አጫጭር ሰንሰለቶች ከእነርሱ ጋር የሚገጥመውን መልእክት ያስቆርጣሉ፤ ወይም በዲ ኤን ኤው ላይ ምልክት አስደርገው ጂኑን ዝም ያሰኛሉ። ይህ የታወቀ ነው። የሚያከራክረው ግን ከዚህ ተነሥቶ «የአበባን ፍሬያማነት የሚወስኑት እነርሱ ናቸው» ወደሚል መደምደሚያ በችኮላ መድረስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ አረም ላይ የወጣ ጥናት፥ በብናኙ አጃቢ ኒውክሊየስ ውስጥ ዘላይ ጂኖች እንደሚነቁ፥ ከእነርሱ የሚመነጩት ጥቃቅን አር ኤን ኤዎችም በወንዴ ዘር ሕዋሳት ውስጥ እንደሚገኙ አሳየ። ከዚያ ወዲህ «አጃቢው ዘሩን ይጠብቃል» የሚለው አነጋገር ተለመደ። አነጋገሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ዳሩ ግን ምሉዕ አይደለም። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት፥ 24 ፊደል ያላቸው አር ኤን ኤዎች ብናኙ ገና ሳይሠራ ከከረጢቱ መጋቢ ሕዋሳት መንጭተው ወደ ዘር ሕዋሳት እንደሚገቡ አስረድቷል። ስለዚህ ጠባቂው አንድ ብቻ አይደለም፤ ጥበቃውም ቀደም ብሎ ይጀምራል።

ከዚህ የሚበልጠው ጉድለት የሙቀት ነገር መዘንጋቱ ነው። አራቢዶፕሲስ በሙከራ ቤት የምታድገው ብዙውን ጊዜ በ22 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፥ በሰመራ ግን በሰኔ ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። በ2020 በበቆሎ ላይ በወጣ ጥናት፥ 24 ፊደል ያላቸውን አር ኤን ኤዎች ከሚቆርጡት ኢንዛይሞች አንዱ የጎደለው ተክል በሞቃት ክፍል መካን ሆነ፤ በቀዝቃዛ ክፍል ግን ብናኙ ዳነለት። በ2017 በጥጥ ላይ የወጣው ጥናት ደግሞ፥ ማይክሮ አር ኤን ኤ 160 ከልክ በላይ ሲበዛ ተክሉ ለሙቀት ይበልጥ እንደሚጋለጥና የብናኙ ከረጢት እንደማይከፈት ገልጿል። እንግዲህ ፈራጁ ሞለኪዩሉ ብቻ ሳይሆን ሞለኪዩሉና የአየሩ ጠባይ በአንድነት ናቸው።

ይህ ለሀገራችን የወሬ ጉዳይ አይደለም። ጥጥ የአሚባራና የዱብቲ መስኖ ዋና ሰብል ሆኖ ኖሯል። በ2018 የተፈቀዱት ሁለቱ የጥጥ ዲቃላዎች የተመረጡት ትልን እንዲከላከሉ ነው፤ ነገር ግን ትል ያልነካው አበባ በሙቀት ከመከነ ፍሬ አይሰጥም።

ሸለቆውም ራሱ ሙከራ ቤት ነው። የአዋሽ ከተማ ከባሕር ወለል ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል፤ የምርምር ማዕከሉ ያለበት ወረር 740 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ነው። አንድ ዐይነት ዘር በሦስቱም ስፍራ በአንድ ሳምንት ይዘራ። የአፈሩ ጨው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፥ ተክሉ አንድ ዐይነት አፈር በሞላበት ዕቃ ይብቀል፤ ውሃውም እኩል ይሁን። ከዚያ የተከፈተና ያልተከፈተ ከረጢት ይቆጠር፤ ለዚህም የእጅ ማጉያ መነጽር ይበቃል። ልዩነት ከታየ የእንቡጡ አር ኤን ኤ ይመርመር። በዚያም ጊዜ የአር ኤን ኤው ለውጥ የመምከኑ ምክንያት ይሁን ወይስ ውጤት መለየት ያስፈልጋል፤ የሚሞት ከረጢት ብዙ ነገር ይለውጣልና።

የውጭውን ጥናት ማንበብ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በ22 ዲግሪ የተገኘውን እውነት በ40 ዲግሪ ሳይፈትኑ መቀበል ሣይንስ ሊባል አይችልም።