ከሻንሲው በታች

ለጉዞ የተሰናዳን መኪና ጥራት ማወቅ የፈለገ ሰው ካርቶን አንጥፎ ከሥሩ መግባት አለበት። እዚህ ካሊፎርኒያ፣ አላሜዳ ደሴት ላይ ቅዳሜ ጠዋት በየመንገዱ ዳር ከሚቆሙት ባለ ግዙፍ ጎማዎች ብዙዎቹ ከላይ ሲታዩ ያስፈራሉ። ከፊት ዊንች፣ ከጣሪያ ድንኳን፣ ከጎን አካፋ። አካፋው ግን አፈር ነክቶ አያውቅም። እኔ የማወራው ከሩቅ ሲያዩት የቧንቧ ሠራተኛ መኪና ስለሚመስል፣ ቀለሙ ስለደበዘዘ የአንድ ወዳጄ ቶዮታ ታኮማ ነው።

ታኮማው የአገሩ ልጅ ነው። የተገጣጠመው በዚሁ በአላሜዳ ካውንቲ፣ ፍሪሞንት ላይ፣ ጄኔራል ሞተርስና ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1984 በሽርክና ሥራ ባስጀመሩት ኑሚ በተባለው ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው በ2010 ተዘግቶ ዛሬ በዚያው ግቢ ቴስላ የኤሌክትሪክ መኪና ያመርታል። መኪናውን ለበረሃና ለተራራ ያሰናዱት ባለሙያ ደግሞ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ፣ እጃቸውን በላንድ ክሩዘር የፈቱ ሰው ናቸው። «ስሜ ይቅር» ብለውኛል፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው።

ከሥር ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ የሚያርፈው የኋላ ባሌስትራው ከሚንጠለጠልበት ጆሮ አጠገብ ነው። ሻንሲው እዚያ ላይ ቀድሞ ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቅ ላይ ብየዳ አፍስሶ መሄድ ማንም ይችላል። ጋሼ በመጀመሪያ የስንጥቁን ጫፍ ፈልገው እዚያው ላይ ትንሽ ቀዳዳ በሱ። ስንጥቅ የሚሮጠው ጫፉ ሹል ስለሆነ ነው፤ ክብ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ተበትኖ ይቆማል። ከዚያ ስንጥቁን በግራይንደር እስከ ሥሩ ከፈቱት፣ ዝገቱንና ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ገፈፉት። ብየዳው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እንደ ጥሩ ሰፌድ ዙር በዙር የተያዘ፣ ያበጠም የጎደለም ቦታ የሌለው።

በላዩ የደረቡት ላሜራ ሁለት ጫፉ የሾለ ነው፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጠርዝ የለውም። አንዳንዱ ለጌጥ ይመስለዋል። ላሜራው ቀጥ ያለ ጠርዝ ቢኖረው ኖሮ የብየዳው መስመር ሻንሲውን ከላይ ወደ ታች ያቋርጠው ነበር። ብየዳ ያለፈበት ብረት በሙቀቱ ባሕርይው ይለወጣል፤ ሻንሲው በተወዛወዘ ቁጥር በዚያች መስመር ላይ እየታጠፈ ቀጣዩን ስብራት እዚያው ያመጣ ነበር። ጠርዙ ሰያፍ ሲሆን ሸክሙ ከነጠላው ብረት ወደ ድርቡ በጥቂት በጥቂቱ ይሻገራል። የሻንሲውን የላይኛና የታችኛ ከንፈር ግን በብየዳ አልነኩትም። መሳቡም መገፋቱም የሚበረታው እዚያ ስለሆነ ብረቱ እንደተፈጠረ እንዲቆይ ትተውታል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ያልነኩት ቦታ ነው።

«ይህን ሁሉ ያስተማረኝ እጦት ነው» ይላሉ ጋሼ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ያልተገኘ ዕቃ ወይ ቶርኖ ቤት ይቀረጻል፣ ወይ ያለው ይጠገናል። በሳቸው ዘመን የቱሪስት ላንድ ክሩዘር ከባሕር ወለል በታች 125 ሜትር ገደማ ወደሚወርደው ዳሎል ሄዶ ሲመለስ፣ ጨውና አቧራው ሳይታጠብለት ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የባሌ ሳነቴ ሊላክ ይችል ነበር። ያንን የሚችለው ባለ 4.2 ሊትሩ፣ ተርቦ የሌለው፣ ስድስት ሲሊንደሩ የናፍታ ሞተር ነው። ፍጥነት የለውም፤ ዳገት ላይ ያዛጋል። ግን ሲታመም ድምፁን ያሰማል፣ መንገድ ዳርም ይታከማል። ጋሼ ካሊፎርኒያ ይዘውት የመጡት መለኪያ ይኸው ነው፦ እኔ በሌለሁበት ይህን ማን፣ በምን ይፈታዋል?

ለዚህም ነው የብሎን ነገር ላይ የሚያመርሩት። ቶዮታ አብዛኛውን ነገር በ10፣ በ12፣ በ14፣ በ17 እና በ19 መፍቻ እንዲፈታ አድርጎ ነው የሚሠራው። አሜሪካ ውስጥ ተሠርተው የሚሸጡ ተጨማሪ ዕቃዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከኢንች ብሎን ጋር ይመጣሉ። የፊት መከላከያው ሲገጠም ከካርቶኑ የወጡትን አዳዲስ ብሎኖች ጠቅልለው ወደ ቆርቆሮ ሲጥሉ አይቼ፣

«ጋሼ፣ አዲስ እኮ ናቸው፤ ምን አጠፉ?» አልኳቸው።

«አላጠፉም። ዴዝ ቫሊ በረሃ መሐል ላይ ሌላ መፍቻ ከየት ልታመጣለት ነው?» አሉና ጭንቅላቱ ላይ 10.9 የሚል ማኅተም ያለበትን ብሎን ከኪሳቸው አወጡ። ቁጥሩ የብረቱን ጥንካሬ ይናገራል፤ ማኅተም የሌለው ብሎን እሳቸው ዘንድ ሥዕል መስቀያ ነው።

ወደ ፊት እግሮቹ ስንመጣ የዚህ ታኮማ ትውልድ የታወቀ ሕመም አለ። ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘው ቦል ጆይንት የተሠራው የመኪናው ክብደት ኳሷን ከማቀፊያዋ ወደ ውጭ እንዲጎትት ሆኖ ነው። ስታረጅ ድንገት ትወጣለች፣ ጎማው ከሥር ይታጠፋል። ቶዮታ ራሱ በ2005 ከእነዚህ መኪናዎች ከፊሎቹን ጠርቶ ይህንኑ ክፍል ቀይሯል። ጋሼ እዚህ ላይ ቁጠባ አያውቁም፦ ኦሪጅናል ዕቃ፣ አራቱም ብሎኖች አዲስ፣ ጭረት ታየም አልታየም በጊዜው መለወጥ። የጣሪያ መብራት ለመግዛት የሚቻኮል ሰው ሲመጣባቸው በዝምታ የፊት ጎማውን በክሪክ አንሥተው ያንን ኳስ ያሳዩታል።

ሌላም ከውጭ የማይታይ ነገር አለ። የፊት ክንዶቹና የባሌስትራው መጋጠሚያዎች ውስጥ ጎሚኒ አለ። መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን አጥብቀው ቢያወርዱት ጎሚኒው ገና ከመጀመሪያው ተጠምዝዞ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ በየጉድጓዱ ይቀደዳል። ጋሼ በእጅ ብቻ አስገብተው ይተዉትና መኪናውን መሬት አውርደው፣ ወዝውዘው፣ በራሱ ክብደት ሲረጋ ነው ከሥር ተኝተው የሚያጠብቁት። አስቸጋሪ ነው፤ ክንድ ለማንቀሳቀስ እንኳ ቦታ የለም። ያጠበቁትን ብሎን ሁሉ ከዳዶው እስከ ብረቱ በነጭ ቀለም ያሰምሩበታል። ከዚያ ባለቤቱ ከሊቨርሞር ወዲያ፣ አላሜዳና ሳን ዋኪን ካውንቲዎች የሚዋሰኑበት ወዳለው የካርኒጊ ሜዳ ወስዶ ያንገላታዋል። ሲመለስ መስመሩ የተሰበረበት ብሎን ካለ ፈቀቅ ብሏል ማለት ነው።

የኋላው ዲፈረንሻል መተንፈሻ ደግሞ በቀጭን ቱቦ ተቀጥሎ እስከ መብራቱ ጀርባ ወጥቷል። የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ውኃ ውስጥ ከተቀበረ ወይም ከተደፈነ በኦይል ሲሉ በኩል ውኃ ይስባል፣ ዘይቱም ወተት ይመስላል። የቱቦው ዋጋ ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ለሽቦው ሥራ ጋሼ መምህር ያገኙት እዚሁ ደሴቲቱ ላይ ነው። አላሜዳ የጀልባ አገር ናት፤ የጀልባ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ደግሞ መዳብ በጨው አየር እንዴት እንደሚበላ ያውቃሉ። ስለዚህ ለሁለተኛው ባትሪ የዘረጉት ሽቦ እያንዳንዱ ክር በቆርቆሮ የተለበጠ፣ ለጀልባ የሚሸጠው ነው። ፊውዙ ከባትሪው አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም፤ ከዚያ በፊት ያለው ሽቦ ቢነካካ የሚያቆመው የለምና። በብረት ቀዳዳ በሚያልፍበት ሁሉ ጎማ አለው። የኮፈኑን ክዳን ከፍቶ ያየ ሰው ሽቦው አዲስ መሆኑን አይለይም፤ የፋብሪካውን መንገድ ተከትሎ ነው የሄደው።

ባለ 3.4 ሊትሩን ሞተር አልነኩትም። ካሊፎርኒያ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ ትጠይቃለች፤ ጭሱን የሚለውጥ ዕቃ ለመግጠም የግዛቲቱ የአየር ቦርድ የፈቀደው ቁጥር ያስፈልጋል። ሕጉ ባይኖርም ይነኩት ነበር ብዬ አላምንም። ዘይቱን በጊዜው፣ ቺንጋውን በየ145,000 ኪሎ ሜትሩ፣ በቃ።

አንድ የማልወድለት ነገር የጣሪያው ድንኳን ነው። ያ ሁሉ ክብደት አናት ላይ ሲሰቀል መኪናው ወደ ጎን በዘመመ ዳገት ላይ ያዘነብላል፤ ናፍታም ሆነ ቤንዚን ያስበላል፤ መሬት ላይ የሚዘረጋ ድንኳን በሩብ ዋጋ ይገኛል። ጋሼም አይወዱትም፤ «ባርኔጣ» ነው የሚሉት። የወዳጄ ሚስት ግን እባብ ባለበት መሬት አልተኛም ብላለች፣ ነገሩ አልቋል። ጋሼ ተከራክረው ሲያበቁ ድንኳኑን በሚዛን አስቀምጠው ክብደቱን ጻፉ፤ የኋላ ባሌስትራው ላይ አንድ ብረት የደረቡትም ለዚሁ ነው።