ጓሳን የሚጠብቀው ብዙው ሰው ነው

በመንዝ ስብሰባዎች ላይ ስለ ጓሳ ሜዳና ስለ ሣሩ ሲነሳ፣ «ጓሳው አለቀ፤ ሁሉም እያጨደ ጨረሰው» የሚል የባለሙያ ንግግር ስሰማ ስጋት ይይዘኛል። ተናጋሪው ቁጭት ሊያሳድር ነው ያሰበው። ገበሬው ግን ከንግግሩ ይዞት የሚሄደው ሌላ ነው፦ ሁሉም ካጨደ እኔስ ምን እጠብቃለሁ? ነገ ባዶ ሜዳ ከማገኝ ዛሬውኑ ማጭዴን ላንሳ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ቻልዲኒና ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ አሪዞና፣ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ጥንታዊ እንጨት በሚገኝበት ብሔራዊ ፓርክ ይህንኑ ፈትነውታል። «ብዙ ጎብኚዎች እየወሰዱ ፓርኩን ጎድተውታል» የሚል ጽሑፍ በቆመበት መንገድ፣ ለፈተና ከተቀመጡት ቁርጥራጮች 8 በመቶ ያህሉ ተሰረቁ። «እባካችሁ አትውሰዱ» ብቻ በሚለው ግን ከ2 በመቶ በታች ነበር። ሰው የሚያየው ሌላው የሚያደርገውን ነው። ስለዚህ እኔ በስብሰባ የምናገረው፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ ስለሚጠብቁት ነው፦ «በዚህ አጥቢያ አብዛኛው ሰው ቀኑ ሳይደርስ ማጭድ አያነሳም።» እውነት ካልሆነ አልናገረውም። ጎረቤቱን የሚያውቅ ሰው ዘንድ የውሸት ቁጥር አንድ ቀን አያድርም፤ ከዚያ በኋላ የሚያምነኝም የለም።

የመንዝ አባቶች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁት ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደተጀመረ የሚነገረው የቄሮ የሜዳ አጠባበቅ ሥርዓት፣ ከአስቦና ከጌራ ወገን በየራሳቸው የተመረጡ አለቆች ነበሩት። ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን ይታወጃል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይወጣል። የሥርዓቱ ጉልበት ቅጣቱ ብቻ አልነበረም። ቀኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማን እንደወጣና ማን እንደቀረም ሁሉም ያያል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥልጣን ወስዶ ለገበሬ ማኅበር ሲሰጥ፣ ሜዳው ጠባቂውን ብቻ ሳይሆን ያንን መተያየትም አጣ። ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰቡ እጅ ያለ ጥብቅ ሥፍራ የሆነው ነዋሪው በራሱ ኮሚቴ ዳግም ስለተደራጀ ነው።

በዚሁ በጓሳ ስለሚኖረው ቀይ ቀበሮ ስንሠራም የምንጀምረው ከቀበሮው አይደለም። የውሻ እብደትን የሚያመጡበት የእኛው ውሾች ናቸው፤ ይህ በሽታ ደግሞ እናትን የሚያስፈራት ስለ ልጇ ነው። «ውሻችሁን አስከትቡ» ካልን ሁሉም እሺ ብሎ ይበተናል። «በዕድሩ ቀን ጠዋት ውሻውን ማን አስሮ ያመጣዋል?» ብለን ስንጠይቅ ግን አባት ወደ ልጁ ይዞራል፤ ልጁም «እኔ» ይላል፤ ጎረቤት ይሰማል። እሺታ ቀንና ሰው ሲያገኝ ነው ሥራ የሚሆነው።

አንድ እረኛ ቀበሮው በጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መካከል ግልገሎቹን ሳይነካ አይጥ ሲያድን እንደሚያይ ነገረኝ። እዚያው ጓሳ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመውን አጫወትኩት፦ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ያህል ይሳካለታል፤ ከጭላዳ ጋር ሆኖ ግን ከሦስት ሁለቱ። «እኔ ድሮም አውቀዋለሁ!» አለና ጓደኞቹን ጠራ። ከዚያ በኋላ አስረጂው እሱ ሆነ፤ እኔ ዝም አልኩ። ከፖስተር ይልቅ በዚህ አምናለሁ።

ሥነ ልቦና የማይደርስበት ቦታም አለ። ዕድር የአባወራዎች ነው። መሬት የሌለው ወጣት እዚያ ስሙ አይጠራም፤ ከሣሩም ድርሻ የለውም፤ በሌሊት ቢያጭድ የሚያፍረው ለማን ነው? ሰው የሚያፍረው በሚቆጥሩት ሰዎች ፊት ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የሚሄደው ሄዶ፣ የቀረው ከሜዳው ጋር ይቀራል። ለዚህ ልጅ የባሕርይ ለውጥ ትምህርት ከመስጠታችን በፊት በኮሚቴው ወንበር፣ ሜዳው በሚከፈትበት ቀንም የራሱ ድርሻ ሊሰጠው ይገባል። አሁን በየስብሰባው የምሟገተው ለዚህ ነው።