አሥራ ሦስቱ ደቂቃ

ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ወደ ሰሜን የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ሳንኮፋን ያገኛል። ኃይሌ ገሪማና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና የከፈቱት የመጻሕፍትና የፊልም ቤት ነው፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው ፊልማቸው የተወሰደ ነው። መንገዱን ሳይለቅ ከቀጠለ ብዙ የትራፊክ መብራት አልፎ ሲልቨር ስፕሪንግ ይገባል፤ እዚያ ኮልስቪል ሮድ ላይ ጆን ኤበርሰን የነደፈው፣ በ1938 ተከፍቶ በ2003 ታድሶ ለአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት የተሰጠው ሲልቨር ቲያትር ቆሟል። በእነዚህ ሁለት ቤቶች መካከል ስለ ፊልም የሚከራከር ሐበሻ አይጠፋም። የኃይሌ የመጀመሪያ ፊልም የቱ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ታላላቆቻችን ሳያመነቱ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይላሉ። እዚህ ያደጉት ልጆች «ሳንኮፋ» ይላሉ፤ እነሱ ያዩት እሱን ነዋ። አሌክሳንድሪያ ጀበና የሚጣድበት ቤት ጎራ ካላችሁ «ቡሽ ማማ» የሚል አንድ ሰው ታገኙ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ክርክር የሚወድ ነው። «አወር ግላስ» የሚል ግን አልገጠመኝም። እኔ የምለው እሱን ነው።

«አወር ግላስ» ኃይሌ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ተማሪ ሳለ በ1971 የሠራው፣ 13 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፊልም ነው። ትምህርት ክፍሉ «ፕሮጀክት ዋን» የሚሉት ልማድ ነበረው። ተማሪው ገና ወጉን ሳይማር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሱፐር ኤይት ካሜራ ይዞ፣ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ዳይሬክት አድርጎ፣ ራሱ ኤዲት አድርጎ አንድ አጭር ሥራ ያቀርባል። የሚቀርበውም ለመምህርና ለክፍል ጓደኛ እንጂ ትኬት ለቆረጠ ሰው አልነበረም። ስለዚህ «ልምምድ እንጂ ፊልም አይደለም» የሚሉኝ ሰዎች ከሜዳ ተነስተው አይደለም የሚናገሩት።

ግን እስቲ ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ጥቁር ወጣት ቅርጫት ኳስ ይጫወታል፤ ነጮች ያዩታል። ወጣቱ ፍራንዝ ፋኖንንና መሰሎቹን እያነበበ ሲሄድ፣ ሜዳ ላይ የሚለፋው ለሌላው መዝናኛ እንደ ጥንቱ ግላዲያተር መሆኑ ይገባዋል። ሐሳቡ ይኼው ነው፤ በወረቀት ላይ ቢቀር የአንድ ተማሪ መፈክር ይሆን ነበር። ከመፈክርነት ያዳነው ኤዲቲንጉ ነው። የሚዘለው አካልና የሚያነበው ጭንቅላት የአንድ ሰው ሆነው ሳለ በሁለት ዓለም እንደሚኖሩ ተደርገው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዱን ለሌላው የሚያስረዳ ሰው በመካከል አልገባም፤ ማገናኘቱ ለተመልካች የተተወ ሥራ ነው። ኃይሌ ይህን ሥራ ለተመልካች መስጠቱን ከዚያ ወዲህ በሠራቸው ፊልሞች አልተወውም።

ቅኔ የሚማር ሰው በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ተማሪው መወድስ ላይ እስኪደርስ ድረስ የዘረፈው ሁሉ ቅኔ አይደለም የሚል የቅኔ መምህር ግን የለም፤ ሰሙና ወርቁ ከገጠመ ገጠመ ነው። የጎንደር ልጅ ለሆነ ዳይሬክተር ይህ መለኪያ የሚያንስበት አይመስለኝም።

ኃይሌ በ1946 ጎንደር ተወለደ። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ፣ ተውኔት እየደረሱ በየሥፍራው ያሳዩ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ልጅየውም መድረክን ያወቀው በእሳቸው ሥር ነው። በ1967 ቺካጎ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1970 ወደ ዩሲኤልኤ ተሻገረ። «አወር ግላስ»ን በሠራ ማግስት፣ በ1972፣ «ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ» መጣ። ኃይሌ የጥቁሮች መብት ታጋይዋን አንጄላ ዴቪስን እጇ በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ካየ በኋላ ከታየው ሕልም የተነሳ ነው። ባርባራ ጆንስ እስረኛዋን ሆና ትጫወታለች፤ በውስጧ የሚመላለሰውን ሐሳብ የምንሰማው አፏ ሳይንቀሳቀስ በላይዋ በሚያልፍ ድምፅ ነው። ርዝመቱ 36 ደቂቃ ነው። የኦስካሩ አካዳሚ ደግሞ ወጥ ፊልም የሚለው ከ40 ደቂቃ በላይ የሆነውን ነው። በዚህ ሕግ ሄድን እንበል፤ ኃይሌን ከባለ ፊልምነት ያጎደለችው አራት ደቂቃ ናት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሒሳብ ለሽልማት ኮሚቴ ይጠቅም ይሆናል።

ሁለቱ አጫጭር ሥራዎች ምን እንዳሠለጠኑ ለማየት «ቡሽ ማማ»ን መክፈት ይበቃል። የፊልሙን መጀመሪያ ደጋግማችሁ ብታዩት አይጎዳም። ምስሉ ላይ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ይፈትሻሉ። ይህ ትወና አይደለም፤ ተፈታሾቹ ኃይሌና የፊልሙ ሠራተኞች ራሳቸው ናቸው፣ ፖሊሶቹም እውነተኛ ፖሊሶች። ካሜራው ከሩቅ ሆኖ ቀረጻውን አላቋረጠም። ሌላ ጀማሪ ይህን የመሰለ ሲሳይ ቢያገኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምስሉ ብቻውን እንዲናገር ይተወው ነበር። ኃይሌ ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ድምፅ ጫነበት፦ የመንግሥት የድጎማ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ችግረኛውን የምትጠይቀው፣ ማብቂያ የሌለው፣ ስሜት አልባ ጥያቄ፤ ከላይ ደግሞ ሄሊኮፕተር። ጥያቄው በምስሉ ላይ ላሉት ሰዎች የቀረበ አይደለም፤ መልስም አይጠብቅም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጎዳናና ቢሮ፣ ሽጉጥና ፎርም አንድ መንግሥት መሆናቸውን አንድም ሰው ሳይናገር እንረዳለን። ዶሮቲ የምትባለው ባለታሪክ ገና አልገባችም፤ የምትኖርበት አየር ግን ቀድሟት ገብቷል።

ይህ በአጋጣሚ የተገኘ ብልሃት አይደለም። በ«አወር ግላስ» ሜዳና መጽሐፍ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። በ«ቻይልድ ኦፍ ሬዚስታንስ» ድምፅ ከአፍ ተላቆ በምስል ላይ መሄድ ለመደ። «ቡሽ ማማ» ሁለቱን አጋጠማቸው። ባርባራ ጆንስ እንደገና መጥታ ዶሮቲን ሆነች፤ ቻርልስ በርኔት ከሮደሪክ ያንግ ጋር ካሜራውን ያዘ። ዶሮቲ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ፖስተር ያለችውን፣ በአንድ እጇ ሕፃን በሌላው ጠመንጃ የያዘች አፍሪካዊት ስታይ ካሜራው አይቸኩልም። መጀመሪያ ፖስተር ነው፤ በመጨረሻ፣ ዶሮቲ ዊጓን አውልቃ ስትቆም፣ መስታወት ሆኖ እናገኘዋለን።

አሁን የክርክሩ ዋና ቋጠሮ ላይ ደረስን። «ቡሽ ማማ» በ1975 ተሠርቶ ለሕዝብ የወጣው በ1979 ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1976 ለዓለም ታይቷል። በተሠራበት ዓመት የሚቆጥር አንዱን፣ በወጣበት ዓመት የሚቆጥር ሌላውን ያስቀድማል። ሁለቱም ወገን ካታሎግ አለው፤ ማንም ማንንም አይረታም። እኔ ግን ይህን ክርክር የምወደው ለሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱን ፊልሞች አጠገብ ለአጠገብ እንድናይ ያስገድደናል።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» 150 ደቂቃ ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊሜትር የተቀረጸ። ኃይሌ ኢትዮጵያ ገብቶ በሁለት ሳምንት ያህል የቀረጸው አብዮቱ በፈነዳበት በ1974 ነው። ዘውዱ በመናወጥ ላይ ሳለ ካሜራውን ቤተ መንግሥት ደጅ አልተከለውም፤ ጭሰኛ ቤት ወስዶ፣ ጎህ ሲቀድ ሰው እንዴት እንደሚነሳ መቅረጽ ጀመረ። ባለመሬቱ ከፍ ካለ ቦታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጮኻል፤ ረጅሙ ሌንስ ኮረብታውንና ሰዉን አጣብቆ አንድ ጨርቅ ያደርጋቸዋል። ስድቡ የሚደርስበትን ርቀት አስተውሉ፤ ሰውየው ከወንበሩ ሳይነሳ ድምፁ ማሳውን ሁሉ ይዞታል። ሎስ አንጀለስ ላይ የቢሮ ሠራተኛዋ ድምፅ የያዘውን ሥራ እዚህ የባለመሬቱ ጩኸት ይዞታል። በአገርና በቋንቋ የማይገናኙ ሁለት ፊልሞች የአንድ እጅ መሆናቸውን ለማወቅ ዓይንን ጨፍኖ መስማት ይበቃል።

ስለ መጀመሪያ ፊልም ሲነሳ የሚጠቀስ ሌላ ሰው አለ፣ ኦርሰን ዌልስ። በ1938 ክረምት፣ ሲልቨር ቲያትር ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው፣ የ23 ዓመቱ ዌልስ «ቱ ማች ጆንሰን» ከተባለ የመድረክ ኮሜዲ ጋር አብሮ የሚታይ ድምፅ አልባ ፊልም ይቀርጽ ነበር። ተውኔቱ ነሐሴ ላይ ኮነቲከት ውስጥ ያለ ፊልሙ ታየ። ዌልስ እጅ የነበረው የፊልሙ ቅጂ በ1970 ማድሪድ ያለው ቤቱ ሲቃጠል ጠፋ፤ ሌላ ቅጂ ከጣሊያን ፖርዴኖኔ መጋዘን ተገኝቶ በ2013 ለዕይታ በቃ። 66 ደቂቃ ነው። ከሁሉ የሚያስቀው፣ ቀናተኛው ባል የሚስቱን ውሽማ ፎቶ ከግንባሩ በላይ ያለውን ቁራጭ ብቻ ይዞ፣ ገበያ መሐል የመንገደኛውን ሁሉ ባርኔጣ እየመታ የሚጥልበት ነው። እዚያ ላይ ዌልስ ምን ያህል ዓይን እንደነበረው ይታያል፤ የባርኔጣው ክብ ራሱ የቀልዱ አካል ሆኗል። ሆኖም አንዱ ቀረጻ ካለቀ በኋላ ያው ድርጊት እንደገና ይመጣል፣ ከዚያም እንደገና። ከፊሉ እንጂ ሁሉም አልተቆረጠም። ዌልስ የትኛውን ሊይዝ፣ የትኛውን ሊጥል እንደነበረ አብሮት ሄዷል። እኔ ይህን ግሩም ቀረጻ እለዋለሁ እንጂ ፊልም አልለውም። በ1934 የሠራትን የስምንት ደቂቃዋን «ዘ ሃርትስ ኦፍ ኤጅ» ግን፣ የልጅ ቀልድ ብትሆንም፣ የመጀመሪያ ፊልሙ ናት ብል አላፍርም፤ ከ«ሲቲዝን ኬን» በሰባት ዓመት ትቀድማለች።

ጥብቅ ነህ የሚለኝ ይኖራል። ይሁን። ካሜራ የሚያየው ብዙ ነው፤ ዳይሬክተሩ የሚታወቀው በጣለው ነው። ኃይሌ ገና ተማሪ ሳለ አስረጅውን ከመካከል ጥሎታል፤ ከ37 ዓመት በኋላ «ጤዛ» ላይ አንበርብር ከጀርመን ወደ መንደሩ ሲመለስ፣ ትዝታው ያለ አስተዋዋቂ አገር ለአገር የሚዘለው ያው ውሳኔ ጎልምሶ ነው። በ2008 ቬኒስ ላይ ለስክሪፕቱና ለሥራው የተሸለመውን ሰው ላወቀ ሁሉ በ1971ዱ ሥራ ውስጥ አሻራውን ማግኘት አይቸግርም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሲልቨር ቲያትር የአፍሪካን አዳዲስ ፊልሞች በየጊዜው የሚያሳይ ቤት ነው፤ አንድ ምሽት ለኃይሌ ይስጥ፣ «አወር ግላስ»ንም ከ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፊት ያስቀድመው። እንደ ማስታወቂያ ሰው ፈንዲሻ እየገዛ ሳለ አይደለም፤ መብራቱ ጠፍቶ፣ በሩ ተዘግቶ። ሁለቱ ተደምረው 163 ደቂቃ ናቸው። በሰዓቱ ከተጀመረ ከአሌክሳንድሪያ የመጣውም ሰው በቀዩ መስመር ወርዶ ቢጫውን ሳያመልጠው ይደርስበታል፤ ክርክሩን ባቡር ውስጥ ይጨርሰዋል።