ሳያስፈራ፣ ተስፋም ሳያበዛ፤ ስለ አንድ የሕክምና ስያሜ የቀረበ ሒስ

ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው ስያሜው ከመነሻው ቋንቋ ቃል ጋር ባለው ተመጣጣኝነት ነው። ይሁን እንጂ ስያሜው ከታሰበለት ሰው ጆሮ ሲደርስ ምን ሐሳብ እንደሚያሳድር መመርመርም የዚያኑ ያህል ተገቢ ነው። ይህ ጽሑፍ መነሻ ያደረገው ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የደረት አጥንት እንዲገጥም ለማገዝ በኤሌክትሪክ ስለሚደረግ ሕክምና የተዘጋጀን አንድ የትርጉም ረቂቅ ነው። ረቂቁ በውጭ አገር ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ሕሙማን መግለጫ እንዲሆን ታስቦ ለአስተያየት ደርሶኛል። አርቃቂው ትጉህ መሆናቸው ከሥራቸው ይታያል፤ የምነቅፈው የቃላት ምርጫውን እንጂ ትጋታቸውን አይደለም።

በቅድሚያ ነገሩን ራሱን ማስረዳት ያስፈልጋል። ሐኪሞች ልብን ለመቅደድ በአብዛኛው የሚገቡት በደረት መካከል ያለውን አጥንት ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ለሁለት ከፍለው ነው። ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1897 ያቀረበው ካይሮ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ኸርበርት ሚልተን ነው፤ በልብ ሕክምና የተስፋፋው ግን እ.ኤ.አ. ከ1957 ወዲህ ነው። ሥራው ሲያበቃ ሁለቱ ግማሾች በብረት ሽቦ ይታሰራሉ። አጥንቱ በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እየጠነከረ ይሄዳል፤ በሚገባ እስኪገጥም ግን 3 ወር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። የስኳር ሕመም ባለባቸው፣ ትምባሆ በሚያጨሱና ከመጠን በላይ በወፈሩ ሰዎች ላይ መግጠሙ ሊዘገይ፣ ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል።

የኤሌክትሪኩ ሐሳብ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ጃፓናውያኑ ፉካዳና ያሱዳ፣ አጥንት ጫና ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ አሳዩ። ከዚህ በመነሣት በተደረጉ ምርምሮች ምክንያት የዩናይትድ ስቴትስ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1979 ለረጅም ጊዜ ሳይገጥሙ ለቆዩ የእጅና የእግር ስብራቶች በኤሌክትሪክ መታከምን ፈቀደ። ለደረት አጥንት ግን ሕክምናው በትንንሽ ጥናቶች የተሞከረ እንጂ የዘወትር ሕክምና ለመሆን የበቃ አይደለም። ከዘዴዎቹ በአንደኛው ሁለት ልጥፎች በቆዳ ላይ ተደርገው እጅግ ደካማ የሆነ ኤሌክትሪክ ይተላለፋል፤ ታካሚው ብዙውን ጊዜ ምንም አይሰማውም።

ረቂቁ ለዚህ ሕክምና የሰጠው የመጀመሪያ ስም «የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና» የሚል ነው። «ንዝረት» በትምህርት ቤት የፊዚክስ መጻሕፍት የአንድ አካል ወዲያና ወዲህ መርገብገብ ነው፤ በቤትና በመንደር ግን «ኤሌክትሪክ ነዘረው» ማለት «ኮረንቲ ያዘው» ማለት ነው። ለያዝነው ጉዳይ ሁለቱም ፍቺዎች አይስማሙም፤ አካል አይርገበገብም፣ ሰውም አይያዝም። ረቂቁን ቀደም ሲል ልባቸውን ታክመው ለዳኑ አንዲት አዛውንት አነበብሁላቸው። ከዚህ ስያሜ ላይ ስደርስ አስቆሙኝና፣ «ልጄ፣ በስንት መከራ የተጠገነ ልቤን መልሰው ኮረንቲ ሊያስይዙት ነው?» አሉ። እኒህ እናት ያልገባቸው ነገር የለም፤ የሰሙት የተጻፈውን ነው።

ሁለተኛው ስያሜ «ማነቃቃት» ነው። ቃሉ በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ ነርቭንና ጡንቻን በሚመለከት በሕክምና ጽሑፎች የተለመደ ነው። ችግሩ ከደረት ቀዶ ሕክምና በኋላ በኤሌክትሪክ የሚከናወኑ ቢያንስ አራት የተለያዩ ሥራዎች መኖራቸው ነው። እነርሱም፦

ሀ/ ሕመምን ለማስታገስ በቆዳ በኩል ወደ ነርቭ የሚደረግ፤
ለ/ የደከመ ጡንቻን ለማጠንከር የሚደረግ፤
ሐ/ የልብን ምት ለመምራት በሽቦ የሚደረግ፤
መ/ አጥንት እንዲገጥም ለማገዝ የሚደረግ ናቸው።

ረቂቁ ለአራቱም «ማነቃቂያ» የሚል አንድ ስም ሰጥቷል። በመሆኑም ሐኪሙ ታካሚውን «ማነቃቂያ ተደርጎልሃል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ታካሚው በደረቱ ውስጥ የተቀበረውን የልብ ምት መሣሪያ ይጠየቅ ወይም ትናንት ስለ ተለጠፈለት የሕመም ማስታገሻ ይጠየቅ ለመለየት አይችልም። የልብ ምት መሣሪያ ያለው ሰው ሌላ የኤሌክትሪክ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ ያለበት በመሆኑ፣ ይህ የስም መደራረብ ከሰዋስው ስሕተት ያለፈ ነው። በተጨማሪም «ነቃ» ድንገት ከእንቅልፍ መባነንን፣ «አነቃቃ» ደግሞ ፈጥኖ የሚታይ ለውጥን ያመለክታሉ፤ ጡንቻ ወዲያው ሊኮማተር ይችላል፣ አጥንት ግን በሳምንታት የሚሠራ ነው።

ሦስተኛው «ፈውስ» ነው። መነሻው ቋንቋ በአንድ ቃል የጠቀለለውን ነገር አማርኛ ከፋፍሎ ያውቀዋል። ሕመምተኛ ይድናል፤ ቁስል ይጠግጋል፣ ይሽራል፤ አጥንት ይገጥማል። «ፈውስ» የሰውየው እንጂ የአጥንቱ አይደለም፤ ከጸበልና ከተአምር ጋርም ተያይዞ ስለሚሰማ ከሕክምናው አቅም በላይ ተስፋ ይሰጣል። ረቂቁ «ፈውሱ ሲጠናቀቅ» ከባድ ነገር ማንሣት እንደሚቻል ይገልጻል። ታካሚው በመስተዋት የሚያየው ቆዳውን ነው፤ ቆዳው ደግሞ ከአጥንቱ ብዙ ሳምንት ቀድሞ ይሽራል። «ፈውሱ ተጠናቀቀ» ብሎ የልጅ ልጁን ብድግ ቢያደርግ ጥፋቱ የእርሱ ነው ማለት አይቻልም። «ቁስሉ ቢሽርም አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ልዩነቱን ሳይነገረው ያውቀው ነበር።

አራተኛው የአጥንቱ ስም ነው። ረቂቁ በአንድ ስፍራ «የደረት አጥንት»፣ በሌላ ስፍራ «ፍርምባ» ይለዋል። «ፍርምባ» ጥንታዊና ትክክለኛ ቃል ነው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን፣ ለአሮንና ለልጆቹ የሚሰጠው የመሥዋዕቱ ክፍል በዚሁ ስም ይጠራል። ዳሩ ግን የእርድ ቃል ነው። ሰውን «ፍርምባህ ይሰነጠቃል» ማለት ከሐኪም ፊት አንሥቶ ከባለቢላዋ ፊት እንደ ማቆም ይቆጠራል። «የደረት አጥንት» ብቻውን ሲነገር በበኩሉ የጎን አጥንቶችንም ጨምሮ ሊሰማ ይችላል። ስለዚህ «የመሃል ደረት አጥንት» ቢባል፣ «ፍርምባ»ም በመዝገበ ቃላት ውስጥ ከነማብራሪያው ቢቀመጥ ይሻላል እላለሁ።

እንግዲህ ለሕክምናው ምን ስም ይሰጠው? «ገጠመ» የሚለውን ግሥ መነሻ ማድረግ ይገባል፤ ነገር ግን ከዚህ ግሥ የሚወጡት ዘሮች አብዛኞቹ ተይዘዋል። «ግጥም» የባለቅኔው፣ «ግጥሚያ» የተፎካካሪዎች፣ «አጋጣሚ» የዕድል፣ «መገጣጠሚያ»ም የጉልበትና የክርን ነው። «ማስገጠሚያ» የሚለው ነጻ ይመስላል፤ ሆኖም አስደራጊው አምድ ውጤቱን አስቀድሞ ያውጃል። «መሣሪያው አጥንቱን ያስገጥማል» ማለት ሳይንሱ ገና ያላረጋገጠውን በሰዋስው ማረጋገጥ ነው። ወጌሻን በሚመለከት ሕዝቡ የሚናገረውን ብናስተውል መፍትሔው ይገኛል። «ወጌሻው ጠገነው፤ አጥንቱም ገጠመ» ይባላል። መጠገን የሰው ነው፣ መግጠም የአጥንቱ ነው። ኤሌክትሪኩ ከሁለቱ አንዱንም አይደለም፤ አጥንቱ በራሱ የሚሠራውን ያግዛል፣ ወይም ያግዛል ተብሎ ይሞከራል። በዚህም መሠረት «የአጥንት መግጠምን አጋዥ የኤሌክትሪክ ሕክምና» የሚለውን ስያሜ፣ በድጋሚ ሲጠቀስም «መግጠም አጋዥ ሕክምና» የሚለውን አሳጥሮ መጠቀምን አቀርባለሁ። ከላይ በ«ሀ»፣ በ«ለ» እና በ«ሐ» የተመለከቱትም እያንዳንዳቸው በዓላማቸው፣ ማለትም «ሕመም አስታጋሽ»፣ «ጡንቻ አጠንካሪ» እና «የልብ ምት መሪ» ተብለው ቢለዩ መደራረቡ ይወገዳል።

ስያሜው ረዘመ የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ማጠር መልካም ነው፤ «ቀዶ ጥገና» የሚለው ስያሜ መቅደድንና መጠገንን በሁለት ቃላት አስሮ በሕዝብ አፍ መግባቱ ምስክር ነው። ነገር ግን ማጠር የሚወደሰው ፍቺው ሳይጎድል ሲቀር ነው። የሚስማማበት ወረቀት ከፊቱ የተቀመጠ ታካሚ ሦስት ነገር የማወቅ መብት አለው፤ የሚነካው የትኛው አካሉ እንደ ሆነ፣ የሚደረገው ለምን እንደ ሆነና ውጤቱ ምን ያህል የታወቀ እንደ ሆነ። «ንዝረት» በፍርሃት እምቢ ያሰኘዋል፤ «ፈውስ» በተስፋ እሺ ያሰኘዋል። በሁለቱም መንገድ የወሰነው እርሱ ሳይሆን ተርጓሚው ይሆናል።