ክሎሪን በመጽሐፍና በጄሪካን

በውኃ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠውን ትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ ታውቋታላችሁ። ስሟ ፑል ቴስተር ነው፤ ለመዋኛ ገንዳ የተሠራች ናት። ከእኛ መሃል የመዋኛ ገንዳ በዓይኑ ያየ ጥቂት ነው፤ የካምፑን የመጠጥ ውኃ የምንለካው ግን በእሷ ነው። በመሣሪያዋ ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን የምንማርበት ጽሑፍም ጄሪካኑን እንደ ገንዳ በማየቱ ነው።

የገንዳ ውኃ ይዞራል፣ ክሎሪኑ ሲቀንስ ይጨመርበታል። ጄሪካን ግን ቦኖ ላይ የደረሰውን ይዞ ይሄዳል፤ በቃ። ፀሐዩ፣ የጄሪካኑ ዝቃጭ፣ ቤት ሲደርስ የሚነከረው ኩባያ፣ ሁሉም ከዚያችው ላይ ይቀንሳሉ። ስፌር የተባለው የእርዳታ ሥራ መመሪያ በ2018 (እ.ኤ.አ.) እትሙ፣ ውኃ በሚታደልበት ቦታ ቀሪው ክሎሪን በሊትር ቢያንስ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ይሁን ይላል። ጽሑፋችንም ይህንኑ ገልብጦ አለፈ። ነገር ግን በ2013 በደቡብ ሱዳን የስደተኞች ካምፖች ውኃውን ከቦኖ እስከ ቤት ተከትለው የለኩ ተመራማሪዎች፣ 0.2ቱ ቢያንስ ለ10 ሰዓት እንዲቆይ ቦኖው ላይ 1 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል ብለዋል። ጥናቱ በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት የወጣው በ2015 ነው፤ ከእትሙ ሦስት ዓመት ቀድሞ!

ዱቄቱም ላይ እንዲሁ ነው። ለ1 ፐርሰንት ድብልቅ፣ 70 ፐርሰንቱን ዱቄት በሊትር 15 ግራም ይላል። ስሌቱ ልክ ነው። ክዳኑ ላልቶ በሙቀት የከረመው ዱቄት ግን ዛሬም 70 መሆኑን ማን አየው?

ታዲያ መጽሐፉን ጥለን በልምድ ብቻ እንሂድ? እሱንም አንልም። «እኔ በአፍንጫዬ አውቀዋለሁ» የሚል ጓደኛ አለን። ኃይለኛው ሽታ ግን ብዙ ጊዜ ክሎሪን ከቆሻሻ ጋር ተጣምሮ የሚፈጥረው ነው፤ ጀርም የመግደል አቅሙም ደካማ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ታንከሩ ላይ ክሎሪን ከልክ በላይ ተጨምሮ ኖሮ፣ ክኒኗን ስንከት ውኃው ሮዝ መሆኑ ቀርቶ ነጭ ሆኖ ቀረ። «ምንም የለውም» ብለን ልንጨምርበት ነበር እኮ! ብዙ ክሎሪን ቀለሙን ራሱን እንደሚያነጣው ያስታወሰችን ማስታወሻዋን በደንብ ያነበበች አንዷ ናት።

ጽሑፉ እንደገና ሲባዛ አንድ ገጽ ይጨመርበት፦ ጠዋት ከቦኖ የተቀዳ፣ ማታ ቤት ውስጥ የተለካ ውኃ። ቁጥሮቹን እኛ መዝግበን እናመጣለን።