አየር የማይገባው ጉድጓድ፤ ስለ ህዋስ ኃይል የተለመደው ትምህርት ሲመረመር

ሕያው ህዋስ ከምግቡ ኃይል እንዴት እንደሚያወጣ የሚያስረዱትን የትምህርት መጻሕፍት ስንመረምር፥ የአቀራረባቸውን ቅደም ተከተል እናደንቃለን። ይሁን እንጂ ሦስት ጉድለት አግኝተንባቸዋል፤ ጉድለቱም በጋሞ ምድር ቆሞ ለሚያነባቸው ሰው ይበልጥ ይጎላል።

አንደኛ፥ ያለ ኦክሲጅን የሚደረገውን ሁሉ ባንድ ስም ይጠሩታል። በሐይቅ ግርጌ ጭቃ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ኦክሲጅን ሲያጡ ኤሌክትሮናቸውን ለናይትሬት ወይም ለሰልፌት እያስረከቡ ይተነፍሳሉ፤ ይህ ቡካት አይደለም። በቡካት ጊዜ ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ከስኳሩ ከራሱ የተገኘ ውሑድ ነውና።

ሁለተኛ፥ የላክቲክ አሲድ ምሳሌያቸው ዘወትር ሯጭ ነው። የአርባ ምንጭ ተማሪ ግን ጫሞ ሐይቅ አጠገቡ ነው። አዞ በድንገት ሲወረወር የጡንቻው ኃይል በአብዛኛው ያለ ኦክሲጅን የሚገኝ ነው፤ የተጠራቀመውንም አሲድ ዐርፎ እየተነፈሰ ቀስ በቀስ ያወራርደዋል።

ሦስተኛውና ዋናው፥ ቡካትን አባካኝ ማለታቸው ነው። ከአንድ ግሉኮስ በቡካት 2 ኤ.ቲ.ፒ. ሲገኝ በኦክሲጅን ከ30 እስከ 32 ያህል ይገኛል (36 ወይም 38 የሚለው የቀድሞ ቁጥር መታረም አለበት)። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሒሳቡ የማን ነው ብለን እንጠይቃለን።

በዶርዜ ሴቶች የፋቁትን እንሰት በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ከጉድጓድ ያኖሩታል፤ አየሩ እንዲወጣም ይጫኑታል። ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በ1987 እ.ኤ.አ. ስለ ቆጮ ቡካት ባሳተሙት ጥናት፥ ሌውኮኖስቶክ የተባሉት ባክቴሪያዎች ሥራውን እንደሚጀምሩ፥ ላክቶባሲለስ የተባሉት እንደሚከተሉ፥ የፒኤች መጠኑም ከ6.5 ተነሥቶ እስከ 4.2 እንደሚወርድ አሳይተዋል። እንግዲህ ባክቴሪያው ከስኳሩ የሚወስደው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ኃይል በአሲዱ ውስጥ ይቀራል፤ ስታርቹም በብዛት ይተርፋል። አሲዱ ደግሞ አበስባሾችን ያግዳል። አየር ቢገባ ግን ሻጋታ ስኳሩንም አሲዱንም አቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ያደርገዋል፤ የቤተ ሰቡም ቀለብ ይጠፋል። ስለዚህ ለባክቴሪያው ብክነት የሆነው ለበላተኛው ቁጠባ ነው።

ፓስተር በ1861 እ.ኤ.አ. እርሾ አየር ሲያገኝ የሚያቦካው ስኳር እንደሚቀንስ አስተውሎ ነበር። የጋሞ እናቶች ይህን ሕግ በስሙ ባያውቁትም፥ ጉድጓዱን በከደኑ ቁጥር ይሠሩበታል። መጽሐፎቻችን ሥራቸውን «ኋላ ቀር ዘዴ» ብለው ማለፋቸውን ትተው ከምዕራፉ መግቢያ ሊያኖሩት ይገባል። ተማሪዎችም ከጉድጓዱ በየሳምንቱ ጥቂት ቆጮ እየወሰዱ የአሲዱን መጠን ቢለኩ፥ በቃል ከሚያጠኑት ሠንጠረዥ የበለጠ ይማሩበታል ብለን እናምናለን።